ለዴል 9020 ግራፊክስ ካርድ፦ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር

ጥያቄ፦ ኮር አይ5 4590 ያለው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር አለኝ። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ገዛሁለት። ካርዱ ባለ 8 ፒን የኃይል ሶኬት አለው፤ የኮምፒውተሩ 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ግን ለእሱ የሚሆን ገመድ የለውም። ሻጩ «ከሳታ (ከዲስክ የኃይል ገመድ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር ገመድ ይበቃል» አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ አይግዙት። የሳታ የኃይል ማገናኛ 12 ቮልት የሚያስተላልፈው በሦስት ፒኖች ነው፤ እያንዳንዱ 1.5 አምፔር ቢችል ድምሩ 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ባለ 8 ፒኑ ሶኬት ግን እስከ 150 ዋት ሊስብ ይችላል። ካርዱ ሥራ ሳይበዛበት ምንም ችግር አይታይም፤ ጌም ሲከፈት ነው ፕላስቲኩ ግሎ የሚቀልጠው።

ካርዱ 125 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 84 ዋት ይወስዳሉ፤ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኑ ሲጨመሩ 250 ዋት አካባቢ ይደርሳል። ለዓመታት የሠራ ባለ 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላይ ይህን መጫን አይመከርም። ኤቲኤክስ የሚባለው መደበኛ መጠን ያለው 450 ወይም 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይግዙ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይመኑ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አይተው የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 ያባዙ። «500 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ 20 አምፔር ብቻ ከሆነ የሚጠቅምዎት 240 ዋት ነው፤ ይተዉት። 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ የቮልት መቀየሪያ ካለው፣ 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሰኩ። 115 ላይ ሆኖ የእኛን 220 ቮልት ካገኘ ወዲያው ይፈነዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የ9020 ማዘርቦርድ ዋና ሶኬት የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ነው እንጂ የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም። ስለዚህ ለ9020 ተብሎ የተሠራ ከ24 ወደ 8 ፒን አዳፕተር ያስፈልጋል። የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን ገመድ እዚያ ለመሰካት አይሞክሩ፤ የሽቦዎቹ አቀማመጥ የተለየ ስለሆነ ቦርዱን ያቃጥላል። የኤችፒ አዳፕተርም አይሆንም።

ገመዱን ከግድግዳ ነቅለው የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ይጫኑ። የድሮውን ገመዶች ነቅለው ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ይፍቱና ያውጡት። አዲሱን አስገብተው አዳፕተሩን ይሰኩ፤ ለፕሮሰሰሩ፣ ለሁለት ባለ 4 ፒን ከሚከፈለው 4+4 ገመድ ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። ሳታ ዲስኩን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ያገናኙ። መጀመሪያ ያለ ካርዱ፣ ሞኒተሩን ቦርዱ ላይ ሰክተው ያስነሱት። ከተነሳ አጥፍተውና ነቅለው ካርዱን ያስገቡ፣ 8 ፒኑን ቀጭ እስኪል ይሰኩ፣ የሞኒተሩን ገመድም ወደ ካርዱ ያዛውሩ። ጥቁር ስክሪን ካዩ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ 8 ፒኑ በደንብ አለመሰካቱ ወይም የሞኒተሩ ገመድ ቦርዱ ላይ መቅረቱ ነው።

ካርዱን መመለስ ከቻሉና ወጪው ከከበደዎት፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ጂቲኤክስ 1650 አለ፤ 75 ዋቱን ከቦርዱ ስሎት ይወስዳል። አንዳንዱ 1650 ግን ባለ 6 ፒን ሶኬት አለው፤ ሳይከፍሉ የካርዱን ጫፍ ይመልከቱ።