አሮጌ ሾትገን በርካሽ አገኘሁ፤ ልግዛው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአደን ፈቃድ አለኝ። አንድ ሰው መቀርቀሪያው በእጅ እየተሳበ የሚያቀባብል አሮጌ 12 ጌጅ ሾትገን በጣም በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። የጥይት መያዣ ካዝናው ጠፍቷል። ሻጩ «ምንም አይለውም፣ ቤት ተቀምጦ የኖረ ነው» ይላል። ልግዛው? ከገዛሁስ መጀመሪያ እንዴት ልተኩሰው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትገዛ በፊት በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። የመሣሪያው ወረቀት ከተስተካከለ ወደ ብረቱ እንሂድ።

እንዲህ ያለው ሾትገን ርካሽ የሆነው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ድሮም የተሠራው በአነስተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ሲዘጉ የሚቆለፉት በአንድ ጥርስ (መቀርቀሪያው ላይ ባለ መቆለፊያ ጉብታ) ወይም በመቀርቀሪያው እጀታ ሥር ብቻ መሆኑ ነው። ያ ቦታ ተበልቶ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ስትተኩስ መቀርቀሪያው የሚመጣው ወደ ፊትህ ነው።

ስለዚህ ጥይት አለመጉረሱን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥና መቀርቀሪያውን አውጣው። ጥርሱን በጨርቅ ጥረግና በደንብ እየው። ከዚያ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረህ ከኋላ በኩል ተመልከት። ደህና በርሜል ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ያበራል። መሀል ላይ እንደ ቀለበት የከበበ ጥላ ካየህ ግን አብጧል ማለት ነው፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ተወትፎበት ተተኩሷል። እሱን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው።

ማውዘር ነው ካሉህ ደግሞ ስሙ አያታልልህ። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ውስጥ የማውዘር 98 ጠመንጃዎች ወደ ሾትገን ተቀይረው ነበር፤ ጌሃ ወይም ሬሞ የሚል ምልክት አላቸው። ለሰፊው ጥይት ቦታ ለማግኘት ሲባል የፊተኞቹ የመቀርቀሪያ ጥርሶች ተነስተዋል። የጠመንጃው ጥንካሬ የለም። እኔ አልተኩስበትም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን የጥይት ርዝመት አንብብ፤ 65፣ 70 ወይም 76 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፣ ወይም በኢንች ይጻፋል። «ከገባና ከተዘጋ ይሆናል» የሚሉህን አትስማ። የጥይቱ ርዝመት የሚለካው ከተተኮሰ በኋላ አፉ ተከፍቶ ነው። ሳይተኮስ አፉ ስለታጠፈ አጭር ነው፤ ለዚህ ነው የ76ቱ በ70ው ጎሬ (ጥይቱ በሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ገብቶ መቀርቀሪያው ያለ ችግር የሚዘጋልህ። ሲተኮስ ግን የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ከልክ በላይ ይወጣል። ጽሑፍ ከሌለው ጠመንጃ ጠጋኝ ይለካልህ። ፍሬው ከእርሳስ ሳይሆን ከብረት የሆነ ጥይትም ለአሮጌ ጠባብ ቾክ (በርሜሉ አፉ ላይ የሚጠብበት ቦታ) አይሆንም።

የካዝናው ነገር? ለአሮጌ ሞዴል ልክ የሚሆን ካዝና ማግኘት ያደክማል፤ ዋጋውን ስትከራከር አንሳው። ሴፍቲውን ደግሞ ባዶውን ሞክረው፦ ቆልፈህ ምላጩን ሳብ፣ ልቀቀው፣ ከዚያ ሴፍቲውን ክፈት። ሲከፈት ቀጭ ካለ ተበላሽቷል።

ለመጀመሪያው ተኩስ አትቸኩል። መጀመሪያ ጠጋኝ ይየው። እሱ ደህና ነው ካለህም መሣሪያውን በአሮጌ ጎማ ላይ አጥብቀህ እሰረው፤ ከኋላው የአፈር ክምር ባለበት የተኩስ ሜዳ፣ አንድ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ጥይት ብቻ አጉርስና ከመከለያ ኋላ ሆነህ ምላጩን በረጅም ገመድ ሳብ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርግ። ቀለሁን አንሳና እየው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ቂጡ ካበጠ እዚያው አቁም።

ጥይቱ ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ 1 ደቂቃ ጠብቅ። ድምፁ ደከም ካለ፣ ሁለተኛ ሳታቀባብል መቀርቀሪያውን አውጥተህ በርሜሉን ከኋላ በኩል እይ፤ ውስጡ የተወተፈ ነገር ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤቴ 12 ጌጅም 20 ጌጅም አለ። ጥይቱን በአንድ ቦርሳ መያዝ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አታድርገው። ጌጅ የበርሜሉ ስፋት መለኪያ ነው፤ የ20ው ጥይት ከ12ቱ ስለሚቀጥን 12ቱ በርሜል ውስጥ ሾልኮ ይገባና ፊት ይቀረቀራል። ጎሬው ባዶ ስለሚመስል የ12ቱን ትጨምርበታለህ፤ ሲተኮስ በርሜሉ በእጅህ ላይ ይፈነዳል። የ20ው ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አሮጌ ጥይት ግን ሌላ ቀለም ሊኖረው ይችላል። ዛሬውኑ ቦርሳውን ዘርግፍና ቂጡ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበብክ ለያቸው፤ ቁጥሩ የማይነበበውን ለጠጋኙ ስጠው።