በር የሌላቸው የሻኒ ጎረቤቶች

ጥያቄ፦ ሕንድ፣ ፑኔ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የክፍል ጓደኛዬ ሻኒ ሺንግናፑር የሚባል መንደር ካልሄድን ብሎ ያዘኝ። እዚያ ቤቶቹ በር የላቸውም ይላል። የምሩን ነው?

መልስ፦ የምሩን ነው ወንድሜ። ብዙዎቹ ቤቶች መጋረጃ ብቻ ነው ያላቸው። ሌባን አምላካቸው ሻኒ ራሱ ይቀጣዋል ብለው ያምናሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ባንክ እንኳ ቁልፍ የሌለው ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። ስርቆት ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ቦርሳህን ያዝ።

ሻኒ በሂንዱዎች ዘንድ የፕላኔቷ ሳተርን አምላክ ነው። ጣሪያ ያለው ቤተ መቅደስ አትጠብቅ። የሻኒ ምስል ሜዳ ላይ፣ ከፍ ባለ መደብ የቆመ፣ ሰው የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው። ዘይት ሲያፈሱበት ስለሚውሉ ያብረቀርቃል። ሴቶች መደቡ ላይ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ፍርድ ቤት ገብቶበት! ቅዳሜ የሻኒ ቀን ስለሆነ ሰልፉ አይጣል ነው። እኔ ብሆን ማክሰኞ ነበር የምሄደው።