አስፋልቱ ከከተማ ሲወጣ የድሮው መንገድ የማን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እናትህ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ምግብ ቤት አላት። ዋናው መንገድ ከከተማ ውጭ ሊዞር ነው የሚል ወሬ ሰምታችኋል። አሜሪካ ያለው አጎትህ ደግሞ «እዚህ ከተማ ሲያድግ ሃይዌዩን ይሰርዙታል» ብሎ አስደንግጧችኋል። የድሮው አስፋልት ምን ይሆናል፣ ማን ይጠግነዋል፣ እማዬ ቤቱን ትሽጥ ወይ ነው ያልከው።

ከመጨረሻው ልጀምር። አትሽጥ። በወሬ ደግሞ ጭራሽ አትሽጥ።

እኔ ቀያሽ ነኝ። ለመለኪያው የሚነጣጠርበትን ፕሪዝም ይዤ ጀመርኩ፣ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን መለኪያ አነሳሁ፣ አሁን ጉልበቴ እምቢ ሲል ቢሮ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያደግሁትም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ልጅ ሆነን የቦቴ ታርጋ ሙሉ ነው ጎዶሎ እያልን በብይ እንወራረድ ነበር።

የአጎትህ ነገር እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። እዚያ «ተሰረዘ» ማለት አስፋልቱ ተቆፍሮ ተጣለ ማለት አይደለም። የሚነሳው ቁጥሩ ነው። መንገዱ የስቴቱ መሆኑ ይቀርና የከተማው ወይም የወረዳው ይሆናል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቴቱ እንዲህ ሲያደርግ 90 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ መንገዱንም በደህና ይዞታ ላይ አድርጎ ነው የሚያስረክበው። ሰፋ አድርጎ የመሥራት ግዴታ የለበትም። የተቦረቦረ አስፋልት አስታቅፎ መሄድ ግን አይችልም። ይህቺን ነገር ያዛት፣ እመለስባታለሁ።

ሩት 66 የሚሉትን ዝነኛ መንገድም ያነሳልህ ይሆናል። በፈረንጅ 1985 ከአገሪቱ ባለ ቁጥር መንገዶች ዝርዝር ወጣ። አዲሱ ሰፊ መንገድ መጨረሻ ላይ ያለፋት ከተማ አሪዞና ውስጥ ያለችው ዊሊያምስ ናት፤ 1984 ላይ። ሰዎቹ ዝም ብለው አላለቀሱም። ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ። በመጨረሻ ስቴቱ ሦስት መውጫ ሊሠራላቸው ተስማማ፣ እነሱም ክሱን ተዉት። መንገዱን ማስቀረት አልቻሉም፤ በር ግን አስከፈቱ። እናንተም የምትሟገቱት በመውጫው ላይ ነው። ከአዲሱ መንገድ ወደ ከተማው በስንት ቦታ ይገባል? ምልክት ይተከላል? መጋጠሚያው ለአውቶቡስ ይመቻል? ስብሰባ ሲጠሩ መንገዱ ይቅር እያሉ ከመጮህ ይህን መጠየቅ ይሻላል።

ወደ እኛ ልምጣ። የጎጃምን ከተሞች ከላይ እያቸው። ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጂጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መራዊ። ብዙዎቹ ቁመት እንጂ ወርድ የላቸውም። መንገዱ ነው ያበቀላቸው። ፍኖተ ሰላም እንዲያውም ስሟ ራሱ መንገድ ነው። ስለዚህ «ከተማውን ከመንገዱ እናላቅቅ» ሲባል ሰው አጥንቱ ድረስ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ግን ገበያ ቀን ቆመህ እይ። ከተማ ስትገባ አስፋልቱ ለምን እንደሚሰፋ አስተውለህ ታውቃለህ? የዲዛይን መመሪያው በከተማ ውስጥ ለዋና መንገድ በግራና ቀኝ 3.5 ሜትር መኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ 2.5 ሜትር የእግረኛ መሄጃ ጨምሩ ስለሚል ነው። ቅዳሜ ያቺ 2.5 ሜትር ላይ ድንችና ሽንኩርት በማዳበሪያ ተዘርግቷል። መኪና ማቆሚያው ላይ ባጃጅና ጋሪ ተኮልኩሏል። እግረኛው የቀረለት መኪናው መስመር ነው። በቆሎ የጫነች አህያ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ ከኋላዋ ተሳቢ ያለው ሲኖትራክ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ከሲኖትራኩ ኋላ ቤንዚን የጫነ ቦቴ አለ። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አሁንም ሳየው ሆዴን ያመኛል። ስለዚህ ከባድ መኪናው ይውጣ ከሚሉት ወገን ነኝ።

ችግሩ አወጣጡ ላይ ነው። ሁለት ነገር ላጫውትህ።

አንደኛው ከጎጃም ውጭ ነው። አንዲት ከተማን የሚዞር ተለዋጭ መንገድ ቀየስን። ከተማው ጫፍ ላይ፣ ባዶ እርሻ መሐል። ችካል ተከልን፣ ቢኤም በሲሚንቶ ቀበርን። ቢኤም የምንለው ከፍታና ቦታው በትክክል የተለካ ምልክት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣ ቀያሽ ከእሱ ተነስቶ ነው የሚለካው። ከዚያ በጀቱ ቀረ። ስድስት ዓመት ቆይተን ተመለስን። ችካሉ የለም። እርሻው የለም። በቀየስነው መስመር ግራና ቀኝ ቆርቆሮ ቤት ተደርድሯል፣ በሩ ሁሉ ወደኛ መስመር ዞሮ። ደላላው ነበራ ቀድሞን የደረሰው። «እዚህ ጋ አስፋልት ይመጣል» እያለ የጨረቃ ቤት ቸርችሯል። ቢኤሙን ስንፈልግ ስንፈልግ አንድ ሰውዬ ግቢ ውስጥ አገኘነው። ቢላ ይስልበታል። ከላዩ እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል። «ምነው፣ ጥሩ ድንጋይ እኮ ነው» አለን።

መንገዱ እንደምንም ተሠራ። ግን ከከተማ የሚያወጣ መንገድ መሆኑ ቀረ። በየአሥር ሜትሩ የግቢ በር፣ ጎሚስታ፣ ጋራዥ፣ ሻይ ቤት። ከተማዋ ሁለት ዋና መንገድ ኖራት፣ ሁለቱም የተጨናነቁ። አሁን ሌላ እናዙር ወይ እየተባለ ነው አሉ። ለዋና መንገድ የሚከለለው ቦታ 50 ሜትር ወርድ ነው። ያ ወርድ በወረቀት ብቻ ካለ የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ላይ አስገብቶ፣ በዳሩ ቦታ መምራት ካላቆመ፣ ባይፓስ የሚሉት ከተማን የሚዞር መንገድ የመሬት ሻጭ ማስታወቂያ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ሁለተኛው የእህቴ ነው። እሷ ጎጃም ውስጥ ቁርስ ቤት አላት። መንገዱ ሲሻሻል አንድ ጠመዝማዛ ተቆርጦ ቀና ተደረገ። የእሷ ሰፈር ያለበት ኩርባ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ወደ ጎን ቀረ። ሰው «የድሮው መንገድ» ይለዋል። ታዲያ እዚያ ኩርባ ላይ ውኃ የሚያሻግር ቱቦ ነበር። ክረምት ሲመጣ ተደፈነ። ጎርፉ አስፋልቱ ላይ ወጣና ጫፉን ይበላ ጀመር። እህቴ ለከተማው አመለከተች። «ይሄ የፌዴራል መንገድ ነው» አሏት። የፌዴራሉን ጥገና ሰዎች ስትጠይቅ «የኛ መስመር በዚያ በአዲሱ ነው፤ ይሄ የከተማ ነው» አሉ። ሁለቱም ደብዳቤ ጽፈውላታል፣ ማኅተም ያለው። ፕላስቲክ አልብሳ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው የሰፈሩ ልጆች አካፋ ይዘው ገቡ። ከቱቦው የወጣው አንድ የአይሱዙ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካንና የማይታሰብ የጫት ገረባ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ርክክብ አልተደረገም። አዲሱ መንገድ ሲከፈት «የድሮው ከዛሬ ጀምሮ የእገሌ ነው» የሚል ወረቀት ማንም አልፈረመም። የካሊፎርኒያዋን 90 ቀን ያዛት ያልኩህ ለዚህ ነው። የነሱ ትልቁ ነገር አስፋልቱ አይደለም፣ ፊርማው ነው።

ከፊርማው በስተጀርባ ደግሞ ገንዘብ አለ። መንገድ ፈንድ የሚባለው በአዋጅ 66/1989 ነው የተቋቋመው። ነዳጅ ስትቀዳ ከምትከፍለው ላይ ለጥገና የሚሄድ አለ። ያ ገንዘብ ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተሞች ይከፋፈላል፤ ትልቁን የሚወስደው ፌዴራሉ ነው፣ ዋና ዋና መንገዶች የሱ ስለሆኑ። እንግዲህ አስበው። እናትህ በር ላይ ያለው አስፋልት ከፌዴራል ወደ ከተማ ሲዞር ከትልቁ ኪስ ወደ ትንሹ ኪስ ገባ ማለት ነው። ያ አስፋልት ለተሳቢ የተሠራ ወፍራም አስፋልት ነው። ሲበላሽ ለመጠገንም ውድ ነው። ኮብልስቶን ማንጠፍ የለመደች ከተማ ድንገት አምስት ኪሎ ሜትር የአገር መንገድ ስትረከብ ምን ታደርጋለች? ጉድጓዱን በቀይ አሸዋ ትሞላለች። ስለዚህ መንገዱ መጀመሪያ ይጠገን፣ ቱቦዎቹ ይጠረጉ፣ ከዚያ ይፈረም። አዲሱ መንገድ ከመመረቁ በፊት። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ስልክ የሚያነሳልህ የለም።

አሁን ወደ እናትህ ገበታ። የእህቴን ላካፍልህ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉ ነበሩ። ለሊት የሚያድሩ ሾፌሮችና ረዳቶች ጠፉ። ማታ ማታ ጥብስ የሚያዙት እነሱ ነበሩ። ገበያ ቀን ግን ምንም አልተለወጠም፤ ገበያተኛው መንገዱን አይቶ አይደለም የሚመጣው። ቆይታ ጥብሱን ቀነሰችና ቁርስ ላይ በረታች። በሩ ላይ አቧራና ጡሩንባ ስለቀነሰ ወንበር ውጭ አወጣች። አስተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ይመጣል። በፊት ሾፌር ቦታ ስለሚይዝበት አይመጣም ነበር። ገቢዋ ወደ ድሮው ተመልሷል አልልህም። ተዘግታለች ግን አላልኩም። የተጎዳው ጎረቤቷ ነው፣ ጎሚስታው። እሱ አዲሱ መጋጠሚያ ላይ ወጣ። ማደያና የከባድ መኪና ማደሪያም እንደዚያው ነው፤ መኪናውን ተከትለው መሄድ አለባቸው።

ሞጆንና ቢሾፍቱንም እይ። እነሱን ወደ ጎን ትቶ የሚያልፈው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ተከፈተ። ያኔ ሞቱ ተባለ። አልሞቱም። የራሳቸው ሰውና ሥራ ስላላቸው ነው። መኪና በማሳለፍ ብቻ የምትኖር ከተማ ናት የምትፈራው።

እኛ ጋ ደግሞ ማንም «ባይፓስ» ሳይለው የሆነ አንድ ነገር አለ። ከደጀን በብቸና፣ በሞጣ፣ በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ለረጅም ዘመን ፒስታ ነበር። ርቀቱ አጭር ሆኖ ሳለ መኪናው በማርቆስና በቡሬ ይዞር ነበር። አስፋልት ከሆነ ወዲህ ባሕር ዳር ለመድረስ የቸኮለው በዚያ ይታጠፋል። ማለትም ከማርቆስ እስከ መራዊ ያሉት ከተሞች የተወሰነውን አላፊ መኪና ድሮውኑ አጥተዋል። ማን አለቀሰ? ማንም። ቡሬ የነቀምት መገንጠያ አላት፣ እንጅባራ የቻግኒ መገንጠያ አላት፣ ሌላውም በቆሎና ድንች አለው። እርግጥ ይህ ሁሉ ሰላም ሲኖር ነው፤ መንገድ ሲዘጋ የቱም መንገድ መንገድ አይደለም።

ባሕር ዳርስ በአዲሱ ድልድይ ተሳቢው ከከተማ አልወጣም ወይ ላልከኝም ልመልስ። ግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ግሩም ነው። ግን ያው ከተማው ውስጥ ነው። የጎንደሩ ተሳቢ በከተማው ማለፉን አያስቀርም። ድልድይና ማዞሪያ አንድ አይደሉም።

ስለ ካሳ አጭር ላድርገው። ካሳ የሚከፈለው መሬት ሲወሰድ ነው። ደንበኛ ስለቀነሰ አይደለም። ስለዚህ እማዬ ለምግብ ቤቱ ካሳ አትጠብቅ። አጎራባች ገበሬዎች ዘመዶች ካሏችሁ ግን ንገሯቸው፦ በድሮው አዋጅ 455/1997 በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። በ1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። በ2016 ሲሻሻል ደግሞ የመክፈሉ ሸክም ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደር ዞሯል። ከተማው ገንዘብ ከሌለው ወሰን ማስከበር ላይ፣ ማለትም ለመንገዱ የሚሆነውን ቦታ ነጻ ማድረግ ላይ፣ ፕሮጀክቱ ይቆማል። ሲቆም ደግሞ ደላላው ይመጣል። ከላይ ያየነው።

አንድ ነገር ስለ ገበሬው። ጤፍ ማሳ ላይ ችካል ስተክል አንድ አዛውንት መጡ። ቁጣ አልነበራቸውም። ጎንበስ ብለው በችካሉ ትይዩ አዩ፣ ወዲያም ወዲህም። «ልጄ፣ ቤቴ በዚህ፣ ውኃው በዚያ ማዶ ነው። ከብቱን በየት ላሻግር?» አሉኝ። ስዕሉ ላይ የከብት መሻገሪያ አልነበረም። ቢሮ ውስጥ የተሳለ መስመር ነው፣ ላም አያውቅም። ለመሐንዲሱ ነገርኩት፣ አንዱን ቱቦ ከፍ አድርገን ከብት የሚያሳልፍ ሳጥን አደረግነው። ይህን ማስተካከል የሚቻለው በችካል ጊዜ ነው። አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ አዛውንቱ ከብታቸውን በሲኖትራክ ፊት ነው የሚያሻግሩት።

ስለዚህ አሁን ምን ታደርጋለህ? ማዘጋጃ ቤት ሂድና የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን አሳዩኝ በል። አዲሱ መስመር እዚያ ላይ ካለ ወሬው ወሬ አይደለም። ከሌለ ገና ነው። ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ መጋጠሚያዎቹ የት የት ናቸው፣ የድሮውን መንገድ ርክክብ ማን ከማን ጋር ይፈራረማል። ሁለተኛውን ስትጠይቅ ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየታቸው አይቀርም። መዝግብልኝ፣ ስም ሳይሆን መልሱን። በአዲሱ መስመር ዳር ቦታ እንግዛ የሚል ዘመድ ቢመጣ ደግሞ በትሕትና ቡና አጠጡና ሸኙት። የእርሻ መሬት አይሸጥም፤ ቢሸጥም 50 ሜትሩ ውስጥ ነው የሚሆነው።

ካርታውን ካሳዩህ በስልክህ አንሳና ላክልኝ። ቱቦዎቹ የት እንደሚወድቁ እኔ አይልሃለሁ።