ለ200 ሊትር የኮራል አኳሪየም የቱን ማጣሪያ ላስቀድም ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 200 ሊትር የሚይዝ መስታወት አለህ። ሁለት ክላውንፊሽና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች ልታስገባበት አስበሃል። ሻጩ ደግሞ ትልቅ ካኒስተር ማጣሪያ (ከመስታወቱ ውጭ የሚቀመጥ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ዝግ ጣሳ)፣ የዩቪ መብራት (ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌና ጀርም የሚገድል) እና ውሃው ላይ የሚጨመሩ ፈሳሾች አንድ ካርቶን ሙሉ ጠርሙስ ካልወሰድክ ብሎሃል። «ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም፣ የቱን ላስቀድም?» ነው ያልከው።

እኔ የጨው ውሃ ውስጥ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ከገዛሁት ዕቃ ግማሹ አሁን አልጋ ሥር ተኝቷል። ስለዚህ የምነግርህ ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በኮራል አኳሪየም ውስጥ ዋናው ማጣሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ አይደለም፤ ውስጡ የምትደረድረው ድንጋይ ነው። የዓሣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። ድንጋዩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ሌላም ሥራ አለው። ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ጋዝ አድርገው ያስወጡታል። አሞኒያና ናይትራይቱን የሚለውጡት በደንብ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ናይትሬቱን የሚያስወጡት ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ስለዚህ ድንጋይ ላይ አትሰስት። ከባዱንና ድፍኑን ትተህ ቀለል ያለውን፣ ቀዳዳ ያለውን ምረጥ።

ካኒስተሩን ተወው። መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ ጨው ለሌለው ውሃ ግሩም ነው። ችግሩ ቆሻሻው ስፖንጁ ውስጥ ተይዞ እዚያው ይበሰብሳል፣ ውሃው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በላዩ ያልፋል። በየሳምንቱ ፈተህ ካጠብከው ይሠራል። እኔ የመጀመሪያውን ወር አጠብኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቀኝ።

ገንዘብህ ቀድሞ መሄድ ያለበት ውሃው ላይ ነው። የአርኦ ዲአይ ማጣሪያ ማለቴ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ፎስፌት፣ ሲሊኬት፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የሚለቀቅ መዳብ አለበት። ለእኛ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ ግን ትንሽ መዳብ እንኳ ገዳይ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ በጥርስ ብሩሽ ስፈገፍግ ነው ያሳለፍኩት። ማጣሪያ ቀየርኩ፣ መብራት ቀነስኩ፣ ጠርሙስ ጨመርኩ። ለካ በየሳምንቱ ውሃ ስቀይር አልጌውን ራሴ ነበርኩ የምቀልበው! የቲዲኤስ መለኪያው (ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር መኖሩን የሚያሳየው) 0 ካላለ ውሃውን ከጨው ጋር አትበጥብጥ።

ቀጥሎ ስኪመር። ባሕር ዳርቻ ላይ ማዕበሉ ጥሎት የሚሄደውን ቢጫማ አረፋ በቪዲዮም ቢሆን አይተህ ይሆናል። ስኪመር ያንን ነው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚሠራው። በጣም ደቃቅ የአየር አረፋ ውሃው ውስጥ ይለቃል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ፕሮቲንና ቅባት አረፋው ላይ ይለጠፍና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም ኩባያው ውስጥ ይጠራቀማል። ቆሻሻው ገና ሳይበሰብስ ከውሃው ወጣ ማለት ነው። ኩባያውን ስትደፋ ትንፋሽህን ያዝ፤ የቆየ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ነው፣ ሽታው ግን ሌላ ጉድ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሃውን ኦክስጅን ያጠግባል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር እንዳለ አትመን። ብዙ ጊዜ ዓሣ ለማይበዛበት አኳሪየም የተሰላ ነው። ለአንተ 300 ወይም 400 ሊትር የሚል ይሻላል። ስትገጥመው መመሪያው ላይ ያለውን የውሃ ጥልቀት ተመልከት። ሁለት ሴንቲሜትር ልዩነት እንኳ አረፋውን ያበላሸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይ አያወጣም፣ ወይ ኩባያውን ያጥለቀልቃል። አትደናገጥ፣ ይለምዳል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ዓሣ ብቻ ከያዝክና በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን ከቀየርክ ስኪመሩ ጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል። ውሃው ግን አይቆይም።

ሳምፕ ካለህ፣ ማለትም ከመስታወቱ ሥር የሚቀመጥ፣ ውሃው ወርዶበት በፓምፕ ተመልሶ የሚወጣበት ሁለተኛ ገንዳ፣ ስኪመሩም ሂተሩም (የውሃ ማሞቂያው) እዚያ ይደበቃሉ፣ ጠቅላላ ውሃህም ይጨምራል። ግን እግሬን ያረጠበውን ታሪክ ስማ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ለመጠጥ ውሃ ስነሳ ካልሲዬ ጭብጥ አለ። መልሶ የሚገፋው ፓምፕ ሲቆም የላይኛው ውሃ በዚያው ቱቦ ወደ ታች ይሳባል፤ የቱቦው አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም። የኔ ቱቦ አፉ 15 ሴንቲሜትር ጠልቆ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ሳምፑን ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ወረደ። አንተ የቱቦውን አፍ ከውሃው ወለል ብዙ አታጥልቀው። ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ብሎም ቀዳዳ ብሳበት። ቀንድ አውጣ እየገባ ስለሚደፍነው ቀዳዳውን አልፎ አልፎ እይ። ከሁሉም በላይ ግን ገና ባዶ ውሃ እያለ ፓምፑን ሆን ብለህ ንቀልና ሳምፑ የት ድረስ እንደሚሞላ አይተህ በማርከር አስምርበት። ማታ ማታ እኔ አሁንም ያቺን መስመር አያለሁ።

ሳምፑ መግቢያ ላይ የምታደርገውን የማጣሪያ ከረጢት በየሦስት ቀኑ ቀይር። ካልቀየርከው እሱም ካኒስተር ሆነ።

ሰው የሚንቀው ዕቃ ደግሞ አለ፤ የተነነውን ውሃ ራሱ የሚተካው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። 200 ሊትር ላይ በቀን 3 ሊትር ቢተንና አንድ ሳምንት ብትረሳው ጨዋማነቱ (በኪሎ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው በግራም) ከ35 ወደ 39 ይወጣል። ኮራል ይህን አይችልም። የምትተካው ጨው በሌለው በተጣራ ውሃ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ በጨው ውሃ እተካ ነበር፣ አትሳቅ። መሣሪያውን ከቧንቧ ጋር በቀጥታ አታገናኘው። ከ10 ሊትር ባልዲ ይሳብ። ሴንሰሩ ቢበላሽና ባልዲውን ሙሉ ቢያፈስ ጨዋማነቱ ወደ 33 ቢወርድ ነው፤ ዓሣህ ይተርፋል።

ሂተር አንድ ትልቅ ከምትገዛ ሁለት ትናንሽ ግዛ፤ ባለ 100 ዋት ይበቃሃል። ሂተር ሲበላሽ አንዳንዴ እንደበራ ይቀራል። ትልቁ እንደበራ ከቀረ ጠዋት የምታገኘው ሾርባ ነው። ትንሹ ግን ያን ያህል አቅም የለውም፤ እስክትነቃ ጊዜ ይሰጥሃል። አንዱ ጭራሽ ቢሞት ደግሞ ሌላው ይይዛል። የተለየ የሙቀት መቆጣጠሪያ ብትጨምርበትማ እሰየው፣ 25 ወይም 26 ላይ አድርገው።

ለውሃ እንቅስቃሴ ሁለት ትናንሽ የሞገድ ፓምፖች ይበቁሃል። ለለስላሳ ኮራል በሰዓት ከ2,000 እስከ 4,000 ሊትር ጥሩ ነው። ትይዩ አድርገህ ግጠማቸውና ውሃው መሃል ላይ ይጋጭ። አንድ ኮራል ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ካየኸው ፓምፑን አዙርለት።

ዩቪው? ጥቅም አለው፣ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ለምሳሌ። ግን ድንጋይ ላይ የተጣበቀ አልጌን አይነካም፣ ስለዚህ ለሌላ ጊዜ። ጠርሙሶቹን ሻጩ ጋር ተዋቸው። ያልለካኸውን ነገር አትጨምር። ለአንተ ኮራሎች ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) ከውሃ ቅየራው ብቻ ይበቃቸዋል። ናይትሬትንና ፎስፌትን ዜሮ ለማድረግም አትሩጥ፤ ኮራል ጥቂት ይፈልጋል። እኔ ዜሮ አድርሼ የተሸለምኩት ድንጋዩን ሁሉ የሸፈነ ቡናማ ዝልግልግ ነው።

በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግን አትርሳ። መብራት ሲጠፋ ዓሣውን ቀድሞ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ነው። ሽቦዎቹንም ሶኬት ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች አርግባቸው፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

መስታወትህ ለሳምፕ የተበሳ መሆኑን አልነገርከንም። ካልተበሳ ከኋላ የሚንጠለጠል ስኪመር ነው የምመክርህ። ከተበሳ ግን የካቢኔውን የውስጥ ቁመትና ስፋት ለክተህ ጻፍልኝ። ኩባያውን ወደ ላይ ለማውጣት ቦታ የማይተው ስኪመር ገዝቼ አውቃለሁ፤ እሱም አልጋ ሥር ነው።