ሲበር ክንፉ የሚቀላው ወፍ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም በቅጥሩ ጽዶች ላይ አንድ አረንጓዴ ወፍ አያለሁ፤ በቅርንጫፉ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ የነበረው፣ ሲበር ክንፉ ደም ይመስላል። ጎረቤቶቼ በቀቀን ነው ይላሉ። ምን ይበላል? ከዚህ ሌላስ የት ይገኛል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያዩት ወፍ ሶሪት እንጂ በቀቀን አይደለም። የበቀቀን መንቁር እንደ መንጠቆ የጎበጠ ሲሆን፣ የሶሪት ግን አጭርና ፍሬ ለመቀንጠስ የሚመች ነው፤ ከዓይኑ ፊት ያለው ነጭ ምልክትና በጉንጩ በኩል ወደ አንገቱ የሚወርደው ነጭ መስመርም ከሩቅ ያስታውቁታል።

ክንፉን ልብ ማለትዎ ደስ አሰኝቶናል። ቀዩ ላባ ወፉ ሲያርፍ በአብዛኛው ስለሚሸፈን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በዚህ ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ እንዳለ እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች በ1869 እ.ኤ.አ. አስታውቋል፤ አረንጓዴውም ቢሆን፣ በብዙ ወፎች ላይ እንደምናየው ብርሃን በላባው ላይ ሲሰበር የሚፈጠር መልክ ሳይሆን፣ እውነተኛ ቀለም ነው።

ሶሪት ዋነኛ ምግቡ ፍሬ ነው፤ የጽድ፣ የዝግባና የሾላ ዝርያዎችን ፍሬ ይወዳል፣ አልፎ አልፎም ነፍሳት ይለቅማል። ዘሩን በኩሱ ስለሚጥል ዛፎቹን መልሶ ይዘራል። ረጅም በረራ አይሆንለትም፤ የእግሩ የውጭ ጣት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚዞር ግን በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል።

የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ደኖች እንዲሁም በደቡብ ሱዳን ደቡብ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያለው ወገን የቁንጮው የኋላ ክፍል ወደ ቀይ ያደላል። በነገሌ ቦረና አካባቢ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነጭ ቁንጮ ያለው ዘመዱ አለ። ናሙናውን የሰበሰበው ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የት እንዳገኘው ሳይጽፍ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ስለገደለው፣ የወፉ መኖሪያ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቆይቷል።

ሶሪትን በቅርብ ለማየት ሾላው ፍሬ በያዘበት ወቅት ማለዳ ከሥሩ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ከላባው በፊት ሻካራ ድምፁ ይደርስዎታል።