የመረጥነው ተወካይ ከጠፋብን ምን እናድርግ?

ሰላም ለእርስዎ። «የወረዳችን የፓርላማ ተወካይ ከተመረጠ ወዲህ አይኑን አላየነውም፤ ሕጉ ለእኛ ለመራጮች የሚሰጠን ነገር አለ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ አለ።

ሕገ መንግሥቱን ይክፈቱና አንቀጽ 54ን ይመልከቱ። ንዑስ አንቀጽ 7 መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከምክር ቤቱ እንደሚወገድ ይደነግጋል። አምስት ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግዴታ አይደለም ማለት ነው። ግን እኔ ከዚህ እንዲጀምሩ አልመክርም፤ መንገዱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ሥራ ይስጡት።

እንዴት? አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። የእርስዎ ተወካይም እንደ ማንኛውም አባል መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «መንገዱ ተበላሸ» ብቻ አይበሉት። መንገዱ የቱ ነው? ሥራው መቼ ተጀመረ? የት ላይ ቆመ? በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ፣ ጎረቤት ሰብስባችሁ፣ ፈርማችሁ ስጡት። ቅጂውን ደግሞ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ አስገቡ። በደንብ የተዘጋጀ ጥያቄ በእጁ የያዘ ተወካይ ሚኒስትሩ ፊት ባዶ እጁን አይቆምም።

የዋና ኦዲተር ሪፖርትም አይለፋችሁ። ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ዜና ላይ ይወጣል። የእናንተን አካባቢ ፕሮጀክት የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ስሙ ተነስቶ ከሆነ፣ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ምክር ቤቱ በክረምት ለእረፍት ይዘጋል፤ መደበኛ ሥራው እስከ ሰኔ 30 ነው። ተወካዩን አካባቢው ላይ ማግኘት የሚቀለው ያኔ ነውና ደብዳቤውን ከአሁኑ አዘጋጁ።