ምራቅ እንቁላሉን ለምን አልነካውም?

አብሽር፣ ምራቅህን በማሽላ ገንፎና በተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ላይ የሞከርክበት ሙከራ አልተበላሸም። ምራቅህ የማሽላውን ገንፎ ፈጭቶ የተቀቀለውን የእንቁላል ነጭ እንዳለ መተዉ የሚጠበቅ ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም (ምግብ የሚፈጭ ንጥረ ነገር) የሚቆርጠው ገንፎው ውስጥ ያለውን ስታርች ብቻ ነው፣ የእንቁላል ነጭ ደግሞ ከውሃው ሌላ ዋናው ነገሩ ፕሮቲን ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ብታሳድረውም አሚሌዝ አይነካውም።

ነገሩ የቅርፅ ጉዳይ ነው። ኢንዛይሙ ላይ ምግቡ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር ብቻ እንደሚከፍተው ማለት ነው። ስታርች የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ፕሮቲን ግን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፣ ማያያዣውም ሌላ ነው። ዘይት ብትሞክር ደግሞ ላይፔዝ የተባለውን ቅባት ፈጪ ኢንዛይም ትፈልጋለህ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

እንቁላሉ እንዲሟሟ ከፈለግህ፦

1. ከቤተ ሙከራው ፔፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ጠይቅ፣ እንቁላሉንም አድቅቀው።
2. መምህሩ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምርልህ። ፔፕሲን ደህና የሚሠራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 2 አካባቢ ሲሆን ነው፣ ያለ አሲድ ዝም ብሎ ይቀመጣል።
3. የሙከራ ቱቦውን 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሞቀ ውሃ ውስጥ አቆየው። ታገስ፣ እንደ ስታርቹ ቶሎ አይደለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በደሴ ብርድ ጠዋት ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ ትተው «ኢንዛይሙ ሞቷል» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ አይቻለሁ። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ግን ላፍጥነው ብለህ የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትከተው፣ ቅርፁ ይፈርስና ቢቀዘቅዝም ሥራውን አይቀጥልም።